የኦም ሕግ ከሰሌዳ ወደ አቦከር

የፊዚክስ ተማሪዎቻችን የኦምን ሕግ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለአንድ ሞተር መቆጣጠሪያ ገመድ ምረጡ ሲባሉ ግን «ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ ነው» ይላሉ። በዚህ አልስማማም።

በሐረር አቦከር በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከቆጣሪው 40 ሜትር ርቆ የተተከለ ባለ 2.2 ኪሎዋት፣ ባለ 220 ቮልት ሞተር አለ እንበል። ሲሠራ 14 አምፔር ገደማ ይስባል። ገመዱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን፣ የደርሶ መልሱ 80 ሜትር ሬዚስታንስ 0.92 ኦም ያህል ነው። 13 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ 180 ዋትም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ብክነቱን ወደ 67 ዋት ያወርደዋል። መቆጣጠሪያው ተራ ኮንታክተር ከሆነ ደግሞ፣ ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ጅረት የመደበኛውን ብዙ እጥፍ ነው። የማሽከርከር ጉልበቱ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቴጁ በ20 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ በ36 በመቶ ይወርዳል። መጋዙ እያጓራ አልነሣ ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የመብራት ኃይል አይደለም።

ኤሌክትሮኒክ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የራሱ ጣጣ አለው። ቮልቴጁን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ አጭርና የብረት መረብ የለበሰ፣ መረቡም ከመሬት ጋር የተገናኘ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን መጋጠሚያው ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል እንደ ሙያ ተቆጥሯል። የላላ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ቢኖረው፣ በ14 አምፔር 20 ዋት ያህል ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጠው በዚህን ያህል ኃይል ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ሲጠመዘዝ ይብሳል፤ የአሉሚኒየም ዝገት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ መጋጠሚያው ይበላል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ መግዛት ግድ ነው።

ብሬከሩ ሲወርድ በትልቅ መተካትስ? ብሬከር የሚተከለው ገመዱን ሊጠብቅ ነው። በባለ 1.5 ገመድ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር የተከለ ሰው ገመዱን ራሱን ፊውዝ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፣ ጣሪያቸው በእንጨት የተዋቀረ ነው፣ አብዛኞቹ መተላለፊያዎችም መኪና አያስገቡም።

ስለዚህ በቤተ ሙከራችን ከገበያ የተገዛ ገመድ ይለካ እላለሁ። ነጠላ ዘንግ የሆነ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ዲያሜትሩ 1.8 ሚሊሜትር ሊጠጋ፣ የ100 ሜትሩም ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ0.74 ኦም እምብዛም ሊበልጥ አይገባም። ተራ መልቲሜትር ይህን ያህል ትንሽ ሬዚስታንስ በትክክል አያነብምና፣ የታወቀ ጅረት አሳልፎ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ መለካት ይሻላል።