የዋህ ስለሚባለው ሻርክና ስለ ባሕር ጠላቂዎች

ሻርክ የተባለው የባሕር አውሬ ስሙ በተጠራ ጊዜ የሰው ልብ ይደነግጣል። ጥርሱ የተሳለ፥ ደም የሚከተል፥ ሰው የሚበላ ነው እየተባለ ስለ ተነገረ ልጆቻችንም ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ይኸንኑ ይጠይቁናል። ነገር ግን ሻርክ ከ500 በሚበልጡ ዓይነቶች የተከፈለ ስለ ሆነ የሁሉም ጠባይ አንድ አይደለም። ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ነርስ ሻርክ ስለሚባለው ነው።

ይህ ዓሣ የሚኖረው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሙቅ ውሃ፥ ይልቁንም በፍሎሪዳ፥ በባሃማስ ደሴቶችና በቤሊዝ ጠረፍ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ዓይነት ደግሞ በቀይ ባሕር ይገኛል። ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፤ መልኩ ቡናማ ነው፤ ከአፉም በላይ እንደ ጢም ያሉ ሁለት ነገሮች ተንጠልጥለው በአሸዋ ውስጥ የተሸሸገውን ምግብ ይፈልግባቸዋል። አንዳንዶቹ ሻርኮች ካልዋኙ በቀር መተንፈስ አይችሉም፤ ይህ ግን ውሃውን በአፉ እየሳበ በአንገቱ ጎን ባሉት ስንጥቆች ስለሚያወጣው ተኝቶ መተንፈስ ይችላል። ስለዚህ ቀን ከባልንጀሮቹ ጋር አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ በዋሻና በድንጋይ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ግን ተነሥቶ ሸርጣንንና ትንንሽ ዓሦችን ያድናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን፥ ሰው የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ በባሕር ውስጥ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ካወጡ ወዲህ ጠላቂዎች ይህን ዓሣ በመኝታው አገኙት። ሲቀርቡት አይሸሽም፥ አይቆጣም፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ከጎናቸው ይዋኛል። በቤሊዝ በሆል ቻን የባሕር ጥብቅ ሥፍራ፥ ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን ሲያጸዱ የሚጥሉትን ትርፍራፊ መብላት የለመዱ ነርስ ሻርኮች የጀልባ ድምፅ በሰሙ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ እነርሱንም ለማየት ብዙ መንገደኛ ይመጣል።

እንግዲህ ጠላቂው ይህን አይቶ ወዳጅ አገኘሁ ብሎ እጁን ይዘረጋል። መሳሳቱም በዚህ ነው፤ ዝም ማለት መውደድ አይደለምና። ነርስ ሻርክ አፉ ትንሽ ቢሆንም የመሳብ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ የነከሰውንም በቶሎ አይለቅም። በ2016 በፍሎሪዳ በቦካ ራቶን ጠረፍ አንድ ትንሽ ነርስ ሻርክ የአንዲት ወጣት ክንድ ነክሶ አልለቅም ስላለ ወጣቲቱ ከነዓሣው ወደ ሐኪም ቤት ተወስዳለች። ሰዎች አስቀድመው ዓሣውን ይነካኩት እንደ ነበር ያዩት ተናግረዋል። ሴቲቱ ቈሰለች፥ ዓሣውም ተገደለ፤ ከጨዋታው ማንም አልተጠቀመም።

የሚያበላው እጅም ቢሆን ጉዳት አለው። በሬ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደማያይ፥ ሰውን ምግብ ሰጪ ነው ብሎ የለመደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ያዘው ሰው ሳይፈራ ይቀርባል። ስለዚህ የፍሎሪዳ መንግሥት ከ2002 ጀምሮ ጠላቂዎች ዓሦችን እንዳይመግቡ ከልክሏል፤ የባሃማስም መንግሥት በ2011 በባሕሩ ያሉት ሻርኮች ሁሉ ለንግድ እንዳይጠመዱ አዟል። ነርስ ሻርክ አድጎ ለመውለድ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ሴቲቱም የምትወልደው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ያለ ልክ ከተጠመደ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

ወላጆች ሆይ፥ ይህ ነገር የሩቅ ባሕር ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። ልጅ የተኛውን ውሻ ጅራት የሚጎትተው፥ ገብስ በምትበላው በቅሎ ኋላ የሚቆመው፥ እንስሳው ዝም ስላለ የወደደው መስሎት ነው። እንግዲህ ልጆቻችን ትዕግሥትንና ወዳጅነትን ለይተው እንዲያውቁ እናስተምራቸው። በቤታችንም ቃል ሳይመልስ የሚያገለግለን ሰው ዝም ስላለ ደስ ብሎት ነው ብለን አንፍረድ፤ ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ሳንጠብቅ ምን እንደ ከበደው እንጠይቀው። ከየዋህ ጋር በሰላም ለመኖር የሚሻ ሰው ልኩን አውቆ እጁን ይሰብስብ።