ሰሊሚዬ የተባለ ሁሉ የአንድ ሰሊም አይደለም

የቱርክን ካርታ ዘርግቶ የሚያይ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር የስም መደጋገም ነው። ሰሊሚዬ የሚባል መስጊድ ኤዲርኔም ኮንያም ኢስታንቡልም አለ፤ በደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠሩ መንደሮች አሉ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ የአንድ ሱልጣን ቅርስ ያደርጋቸዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ስም ከተሰየመለት ሰው ይልቅ ስለሰየሙት ሰዎችና ስለተሰየመበት ዘመን ይናገራል ባይ ነኝ።

መነሻው በእርግጥ ኤዲርኔ ነው። ዳግማዊ ሰሊም አሠራው፤ ታላቁ አርክቴክት ሲናን ከ1568 እስከ 1575 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገነባው። ሱልጣኑ መስጊዱ ለሶላት ሳይከፈት ሞተ። እዚህ ላይ ስሙና አሠሪው አንድ ናቸው። ኢስታንቡል ውስጥ ኡስኩዳር ያለው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሦስተኛው ሰሊም ያሠራው ነው። አጠገቡ ያለው የጦር ሰፈር መጀመሪያ ሱልጣኑ በአዲስ መልክ ላደራጀው ሠራዊት የታነጸ በመሆኑ፣ ያ ስም የወታደራዊ ለውጥ ስም ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከቱርክ ውጭ፣ ቆጵሮስ ኒቆሲያ ያለው ነው። ሕንፃው በመስቀል ጦረኞች ዘር ነገሥታት ጊዜ የተሠራ የቅድስት ሶፊያ ካቴድራል ነበር። ኦቶማኖች ከተማዋን በ1570 ሲይዙ መስጊድ አደረጉት፤ ሳይጠናቀቁ በቀሩት የፊት ማማዎቹ ላይም ሁለት ሚናራዎች ቆሙ። ዛሬም የሚገባ ሰው ነጭ የተቀቡ የጎቲክ ዓምዶችን ያያል፤ የምንጣፉ መስመሮች ደግሞ ከሕንፃው አቅጣጫ ወጥተው ወደ መካ አግድም ይዞራሉ። ይህ መስጊድ ግን ለአራት ምዕተ ዓመት ገደማ የተጠራው አያሶፊያ ተብሎ ነው። ሰሊሚዬ የተባለው በ1954 ነው፤ ደሴቲቱ በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ ግሪካውያኑ ከግሪክ ጋር እንዋሃድ የሚሉበት ድምፅ እየበረታ በነበረበት ወቅት ማለት ነው። ስሙን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ምስክር አድርጎ የሚያነብ ሰው በዘመናችን የተነሳን የማንነት ጥያቄ ሳያየው ያልፋል።

የመንደሮቹና የከተሞቹ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የስደተኛ ታሪክ ነው። በጥንታዊቷ ሲዴ ፍርስራሽ ላይ የሰፈረው ሰሊሚዬ መንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቀርጤስ የተሰደዱ ሙስሊሞች የመሠረቱት ነው። የዛሬዋ የቱርክ ከተማ ፒናርባሺ የሰርካሲያ ስደተኞች ሲሰፍሩባት በሱልጣን አብዱላዚዝ ስም አዚዚዬ ትባል ነበር። በዛሬዋ ሮማኒያ ያለችው መጂዲዬ ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ ለታታሮች ስትቆረቆር የሱልጣን አብዱልመጂድን ስም ወሰደች፤ መስጊዷም በእሱ ስም ይጠራል። ቀዬውን ያጣ ሕዝብ በባዕድ መሬት ላይ የሱልጣኑን ስም ሲይዝ ጥበቃም ሕጋዊነትም እያገኘ ነው። በኤዲርኔ ያ ስም የባለጸጋ ነበር፤ እዚህ የመጠጊያ ነው።

ስሙ ጨርሶ ከተለያየ ምንጭ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ኢስታንቡል ያለው ፈትሂዬ መስጊድ የፓማካሪስቶስ ቤተክርስቲያን ነበር፤ ስሙን ያገኘው ሦስተኛው ሙራድ በካውካሰስ የተቀዳጀው ድል እንዲታወስ ነው። የባሕር ዳርቻዋ ፈትሂዬ ከተማ ግን የተሰየመችው በ1914 ወደ ካይሮ ሲበር በወደቀው የኦቶማን አብራሪ በፈትሂ ቤይ ነው። ሁለቱን ከስሙ በቀር የሚያገናኝ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ባዶ ልማድ ነው፣ ሹማምንት ንጉሣቸውን ለማስደሰት ያደረጉት ነው የሚል ይኖራል። ሽንገላ እንደነበረበት አልክድም። ነገር ግን ስሙ ባዶ ቢሆን ኖሮ ለመፋቅ የሚደክም ባልተገኘ ነበር። በዳግማዊ አብዱልሃሚድ ስም ሃሚዲዬ ትባል የነበረችው የአዳና አካባቢ ከተማ፣ ሱልጣኑ ሥልጣን ካጣ በኋላ ያ ስም ተነሥቶላት በአጠገቧ በሚያልፈው ወንዝ ጄይሃን ተብላለች። የለወጡት ሰዎች ስሙ ለማን እንደሚናገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።