የእንፋሎት ከተማ በወረቀት ላይ

አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ የማቀርብልዎ ጉዳይ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ቁም ነገር ያለበት ጨዋታ ነው። የሚያስፈልግዎ አንድ ሰፊ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ከእራት በኋላ የምትተርፍ አንዲት ሰዓት ብቻ ናት። በኮምፒዩተር መሣል የሚቀናዎም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።

ሕጉም ይህ ነው። በዓለም ላይ የሌለች አንዲት ከተማ ይሥላሉ፤ ስሟን እርስዎ ራስዎ ያወጡላታል። በዚህች ከተማ ቤንዚን የለም፣ ናፍጣ የለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም የለም። ወፍጮው፣ የውሃ መሳቢያው፣ የእንጨት መሰንጠቂያውና ማተሚያ ቤቱ ሁሉም የሚሠሩት በእንፋሎት ኃይል ነው። ሰውም ዕቃም የሚገባውና የሚወጣው በሐዲድ ነው።

ይህን ጨዋታ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሥለው ምን እንደ ሆነ ያውቃሉን? ከወረቀቱ መካከል አንድ ታላቅ ጣቢያ፣ በላዩም ባለ ሰዓት ግንብ፣ በፊቱም ጭስ የሚተፋ ባቡር ነው። እኔም የጀመርሁት እንዲሁ ነበር። ይህ ግን መሠረት ሳይጣል ጣራ እንደ ማዋቀር ነው። ስለዚህ ላጲሱን ያንሡና ከእኔ ጋር እንደ ገና ይጀምሩ።

በመጀመሪያ ውሃ ይፈልጉ። የእንፋሎት ሞተር እሳት ይበላል እንጂ የሚኖረው በውሃ ነው። ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን በተራ የአየር ግፊት ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ በብረት ጋን ውስጥ ታፍኖ መውጫ ሲያጣ ነው ሞተሩን የሚገፋው። ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሞተር፣ ማለት ሎኮሞቲቭ፣ የተጠቀመበትን እንፋሎት አብዛኛውን ጊዜ ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ስለሚለቀው፣ በየመንገዱ ቆሞ መጠጣት አለበት። ውሃው ጨዋማ ወይም ኖራ የበዛበት እንደ ሆነም በጋኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ስለዚህ በካርታዎ ላይ ንጹሕ ምንጭ ያለበትን ስፍራ ያመልክቱ፤ ነገር ግን ሕዝቡም የሚጠጣው ከዚያው መሆኑን አይርሱ። ባቡሩና የሰፈሩ ሰው ለአንድ ምንጭ የሚሻሙ ከሆነ ከተማዎ ገና ሳትሠራ ጠብ ተጀምሮባታል።

ሁለተኛው ነገር ዳገት ነው። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይሽከረከራል፤ ስለዚህም ከባድ ጭነት በትንሽ ኃይል ይሄዳል። ነገር ግን ያው ልስላሴው ዳገት ላይ ያንሸራትተዋል። ለዚህ ከእኛው አገር የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ሐረር ያለችው በተራራ ላይ ነው። ከቆላው ወደ እርሷ የሚወጣ ሁሉ አስቀድሞ የሐረማያን ደጋ ማለፍ አለበት፤ ይህም ከተራራው ግርጌ ወደ 800 ሜትር ያህል መውጣት ማለት ነው። እስቲ ሒሳቡን ይሥሩት፤ ሐዲዱ በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር ብቻ ከፍ ይበል ቢባል፣ 800 ሜትር ለመውጣት 32 ኪሎ ሜትር ያለ አንዳች ሜዳ መጠምዘዝ ሊኖርበት ነው። ወጪው ከባድ ሆነና ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው ቀረ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት በዚያ ስፍራም አዲስ ከተማ በቀለች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሏት፤ ጸንቶ የቀረላት ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ወዲያ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ የባቡር ከተማ የምትበቅለው ንድፍ አውጪው በወደደው ቦታ ሳይሆን ሞተሩ በሚደክምበት ቦታ ነው። ዳገት የሚወጣው ባቡር ተጨማሪ ሞተር የሚቀጥለው፣ የሚጠገነው፣ ጭነቱን ለግመልና ለበቅሎ የሚያስረክበው እዚያ ነው። ሠራተኛው በሚበዛበትም ምግብ ሻጩ፣ ልብስ ሰፊውና ነጋዴው ይከተላሉ። በካርታዎ ላይ ጣቢያውን አሁን ያስቀምጡት።

ሦስተኛው ጭስ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱና የሞተር ማደሪያውንና የጥገና ፋብሪካውን ነፋሱ ከተማውን አልፎ በሚሄድበት በኩል ይሥሩት። የለንደን ሰዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 ከምድር በታች የሚሄድ የከተማ ባቡር ሲከፍቱ የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነበር። እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልስ መሣሪያ ቢያበጁለትም፣ ጭሱ ግን በጨለማው ዋሻ ውስጥ ተሳፋሪውን ያስለው ነበር። መስመሩ ወደ ኤሌክትሪክ መዞር የጀመረው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1905 ነው። እርስዎ ግን ኤሌክትሪክ የለዎትምና ዋሻ ከመቆፈርዎ በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡ። ሙቀቱንም አያባክኑት። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከእሳቱ ኃይል ከመቶ አሥር እጁን እንኳ ወደ ጉተታ አይለውጠውም። በአንድ ስፍራ ተተክሎ ከሚሠራው ሞተር የሚወጣውን ትኩስ እንፋሎት ግን በቧንቧ ወስደው የሕዝብ መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ቢያሞቁበት ከተማዎ ደግ ከተማ ትሆናለች።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስን። ሐዲድ ያገናኛል ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሁለት ሩቅ ከተሞችን የሚያገናኘው ሐዲድ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ጎረቤቶችን ይለያያል። ልጁ በዚያ ማዶ ትምህርት ቤት፣ እናቱ በዚህ ማዶ ገበያ ቢኖራቸው በመካከላቸው የሚያልፈውን ባቡር በየቀኑ ማለፍ አለባቸው። መሻገሪያውን የት አደረጉት?

እንደ ገና ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በጣቢያው በኩል ያለው ከዚራ በመሐንዲስ መስመር የተነደፈ፣ ጎዳናው ቀጥ ያለና ዛፍ ያጠላበት ነው። በማዶው ያለው መጋላ ደግሞ በነጋዴውና በገበያተኛው እግር የተሠራ፣ መንገዱ የሚጠማዘዝ ሰፈር ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ በበጋ ሲያዩት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ካርታ ለሚሥል ሰው ባዶ ቦታ ይመስለዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በደጋው የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ሕዝቡን በተኛበት አገኘው፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ብዙ ጉዳት የደረሰው በወንዙ ዳር መኖሪያ ባደረጉት ላይ ነበር።

ይህን የምነግርዎ ጨዋታውን ለማጨለም አይደለም። በወረቀትዎ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረውን ቦታ እንዲመለከቱት ነው። ለጣቢያው ቦታ ሰጡ፤ ለፋብሪካውም ለባለሥልጣኖቹ ቤትም ሰጡ። ፉርጎ የሚጭነው ኩሊ፣ ሐዲድ የሚጠርገው፣ እንጀራ የምትሸጠው ሴት የት ያድራሉ? እርስዎ ቦታ ባይሰጧቸው ቦታ አያጡም፤ ከወንዙ ዳርና ከሐዲዱ ሥር ራሳቸው ያገኛሉ። ንድፍ አውጪው የረሳውን ሰው ጎርፍ አይረሳውም።

የመጨረሻው ፈተና አጭር ነው። ካርታዎን ከጨረሱ በኋላ ሐዲዱን በሙሉ በላጲስ ያጥፉት። ከተማዎ ቆማ ትቀራለችን? ይህ የሕልም ጥያቄ አይደለም። የእንግሊዝ ከተማ ስዊንደን በ1843 በተከፈተ የባቡር ፋብሪካ ያደገች ነበረች፤ ፋብሪካው በ1986 ሲዘጋ ከተማዋ ያልሞተችው አስቀድማ ሌላ ኢንዱስትሪ ስለ ሳበች ነው። በእኛም አገር እንፋሎቱን ናፍጣ ተካው፤ በመጨረሻም አሮጌው ሐዲድ ጸጥ አለ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን ጣቢያው የተሠራው ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ ነው። ድሬዳዋ ግን ባቡሩ ቢርቃትም ገበያዋ አልተበተነም። ያቆያትም የጣቢያው ግንብ ብቻ ሳይሆን፣ በንድፍ ላይ ያልነበረው የመጋላ ገበያ ጭምር ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች እንደ ሆኑ አውቃለሁ። ዛሬ በጨዋታ እርሳስ የያዘች እጅ ነገ በእውነተኛ ካርታ ላይ መስመር ታሰምር ወይም ማኅተም ታሳርፍ ይሆናል። በዚያን ጊዜ መስመሩ የሚያልፈው በሰው ጓሮ ነው፤ ላጲስም የለም። አበው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉና፣ ስሕተቱን በዚህ በወረቀቱ ላይ ይጨርሱት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከተማዎን ይሣሉ፤ በመጨረሻም በጣትዎ ከኩሊው ደጃፍ ተነሥተው እስከ ምንጩ፣ ከምንጩም እስከ ገበያው ድረስ ይሂዱ። ጣትዎ ሐዲዱን ስንት ጊዜ እንደ ተሻገረ ይቁጠሩ። ለሳምንቱ በደኅና ያገናኘን።