ኃይል በልክ፤ የስቴሪዮ አምፕሊፋየርን በሞኖ ስለ ማሠራት

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት ሥርዐትና ስለ ዕቃ አያያዝ ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤት የቅዳሴና የመዝሙር መስሚያ ስለ ሆነው ስለ አምፕሊፋየር ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን። ይህንም የምናደርገው በአንድ በምናውቀው ቤተ ሰብ የደረሰው ነገር ለሌላውም ትምህርት ይሆናል ብለን ስላሰብን ነው።

የዚህ ቤት አባት በማኅሌት ያረጁ መሪጌታ ናቸው። ጉልበታቸው ደክሞ ወደ ደብራቸው መሄድ ካቆሙ ወዲህ፣ በየበዓሉ የተቀዳ ማኅሌት በቤታቸው ይሰማሉ። ጆሯቸውም እንደ ጉልበታቸው እየደከመ ስለ ሄደ፣ «ልጄ፣ ቃሉ አይለይልኝም» ማለት አበዙ። ልጃቸው ለአባቱ ካለው ፍቅር የተነሣ መላ መፈለግ ጀመረ። የስቴሪዮ አምፕሊፋየር በሞኖ ቢሠራ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል ሲባል ስለ ሰማም፣ በዕቃው ጀርባ ያለችውን ማዞሪያ ወደ ሞኖ መለሰና ሁለቱን ስፒከሮች በአንድነት አሰረበት። አባትየው ጥቂት አዳምጠው፣ «ድምፁስ በርትቷል፤ ነገር ግን የቀኝ ጌታው ወገን ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ለዚህ መልስ ሳያገኝ በቤቱ ውስጥ የተቃጠለ ነገር ሽታ ተነሣ፤ አምፕሊፋየሩም ዝም አለ።

ልጁ የሰማው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ግማሹን ብቻ ሰምቶ ነበር እንጂ። ስለዚህ ሙሉውን መናገር ይገባናል።

ስቴሪዮ ማለት ድምፅን በግራና በቀኝ ለይቶ ማሰማት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ለዚህ ጥበብ የፈጠራ መብት የጠየቀው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ነው፤ የስቴሪዮ ሸክላ ግን በሰፊው ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። ከዚያ በፊት ለሕዝብ ይሸጥ የነበረው ሸክላ በአብዛኛው ሞኖ፣ ማለት ባለ አንድ ወገን ነበረ። እኛ ግን ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በቅኔ ማኅሌታችን ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ቆመው ዜማውን ሲቀባበሉ፣ ዐይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ድምፁ ከየትኛው ወገን እንደ መጣ ያውቃል። የስቴሪዮ አምፕሊፋየርም እንዲሁ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ማጉያዎች ናቸው፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ይሸከማል።

ሞኖ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ስለሚያመለክት ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው፣ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ቀላቅሎ በሁለቱም ስፒከሮች እኩል ማሰማት ነው። ይህ ኃይልን አይጨምርም፤ ጉዳትም የለውም። በሞኖ የተቀዳ የጥንት ዜማ ያለው ሰውም ስፒከሮቹን ሳይነካ፣ እንደ ነበሩ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ሁለተኛው ግን ፈረንጆች ብሪጅ፣ ማለት ድልድይ የሚሉት ነው። በዚህ ጊዜ ለሁለቱ ማጉያዎች አንድ ዐይነት ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን አንደኛው በተገላቢጦሽ ይሠራል። ሁለት ሰዎች አንድ መጋዝ ከሁለት ጫፍ ይዘው አንዱ ሲገፋ ሌላው እንደሚስብ ያለ ነው። አንድ ስፒከርም በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ ይታሰራል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። እያንዳንዱ ወገን በ8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር አለ እንበል። ይህ ማለት አንዱ ወገን 20 ቮልት ይሰጣል፤ በስፒከሩም ውስጥ 2.5 አምፔር ያልፋል ማለት ነው። በድልድይ ሲታሰር በስፒከሩ ላይ የሚያርፈው 40 ቮልት ይሆናል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አምፔሩም አብሮ እጥፍ ስለሚሆን፣ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ማለት 200 ዋት ይደርሳል። ልጁ የሰማው ይህን ነው። ያልሰማው ግን ያ 5 አምፔር በሁለቱም ማጉያዎች ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማጉያ ባለ 8 ኦሙን ስፒከር ባለ 4 ኦም እንደ ሆነ አድርጎ ይሸከመዋል፤ ሸክሙ እጥፍ ሆነበት ማለት ነው። ደግሞም በዕቃው ውስጥ ኃይል የሚያቀርበው ክፍል ያን ያህል ማቅረብ ስለሚሳነው፣ 200 ዋት የተባለው በብዙ የቤት አምፕሊፋየር ዘንድ በሙሉ አይገኝም።

ልጁ በዚህ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጐን ለጐን አሰረበት። ሁለቱ በአንድነት 4 ኦም ሆኑ፤ እያንዳንዱም ማጉያ 2 ኦም የተጫነበት ያህል ሆነ። የተጠየቀው አምፔር ከቀድሞው አራት እጥፍ ስለ ሆነ ሙቀቱ በረታ፤ ከማጉያዎቹም አንደኛው ተቃጠለ። የቀኝ ጌታው ወገን የጠፋበትም ምክንያት ይኸው ማሠሪያ ነው። ያ ዕቃ በድልድይ ሲሠራ የሚቀበለው በግራ በኩል የሚገባውን ድምፅ ብቻ ነበርና፣ ሁለቱም ስፒከሮች የሚያሰሙት የግራውን ወገን ሆነ።

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። በስቴሪዮ ጊዜ አንዱ ወገን ቢበላሽ ሌላው ይቀራል። በድልድይ ጊዜ ግን ሁለቱ ባላዎች አንድ ሆነዋልና፣ አንዱ ሲሰበር ሥራው ሁሉ ይወድቃል።

እንግዲህ ይህን ማድረግ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይጠንቀቅ። በመጀመሪያ፣ የዕቃው መመሪያ በድልድይ መሥራት እንደሚቻል በግልጥ ካልተናገረ አይሞክረው። መመሪያው ለድልድይ የሚፈቅደውን ትንሹን ኦም አይቶ ከዚያ በታች የሆነ ስፒከር አያሥር። በአንድ አምፕሊፋየር ላይ አንድ ስፒከር ብቻ ይሁን፤ ግራና ቀኝ የሚፈልግ ሰው ሁለት አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ብዙውን ጊዜ ስፒከሩ የሚታሰረው በሁለቱ ቀይ መቈንጠጫዎች ላይ ነው፤ ከስፒከሩ ገመዶች አንዱም ከጥቁሩ ወይም ከዕቃው ብረት ጋር መነካካት የለበትም። ማንኛውም ገመድ ከመታሰሩ በፊትም መሰኪያው ከግድግዳ ይነቀል። ዕቃው ቢግልና ፊውዙ ቢቃጠል፣ በትልቅ ፊውዝ መተካት ቤትን ለእሳት መስጠት ነውና ከቶ አይደረግ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ለመሆኑ ያ ሁሉ ኃይል ለመሪጌታው ምን ይጠቅማቸው ነበር? ጆሮ ድምፅን የሚመዝነው እንደ ዋት ቈጣሪ አይደለም። ኃይል አራት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 6 ዴሲቤል ያህል ነው። ለጆሮ ግን ድምፅ እጥፍ ሆኖ የሚሰማው 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለት ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ አራት እጥፍ ኃይል እጥፍ ድምፅ እንኳ አይሆንም። በአንጻሩ፣ በ4 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው ወደ 2 ሜትር ቢቀርብ፣ ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ያንኑ 6 ዴሲቤል ይጨምርለታል። በቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፅ ስለሚመልስ ጠቅላላው ጭማሪ ከዚህ ቢያንስም፣ ቀጥታ የመጣው ድምፅ ከተመለሰው ይበልጥ ስለሚጐላ ቃሉ ይጠራል። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ወጪ፣ ወንበር በማንሣት ብቻ የሚገኝ ነው። ጐረቤትንም አይረብሽም።

የዚያም ቤት ነገር የተፈጸመው እንዲሁ ነው። አምፕሊፋየሩ በባለሙያ ተጠግኖ ወደ ስቴሪዮው ተመለሰ። ስፒከሮቹ ለተቀመጠ ሰው በጆሮ ትክክል ከፍ ተደርገው በግራና በቀኝ ቆሙ፤ የመሪጌታውም ወንበር ከሁለቱ እኩል በ2 ሜትር ርቀት ተቀመጠ። ልጁም አባቱን ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰዳቸው፤ ቀድሞ መደረግ የነበረበት ይህ ነበርና። በሚቀጥለው በዓል ማኅሌቱ ሲሰማ፣ አባትየው እጃቸውን እንደ ጥንቱ መቋሚያ እንደ ያዘ ሰው እያነቃነቁ፣ «አሁን ግራውም ቀኙም መጣ» አሉ።

ልጆች ለደከሙ ወላጆቻቸው ድምፅን ማጉላታቸው መልካም ነው፤ ከማጉላት በፊት ግን ማቅረብ ይበልጣል። ይህንም ስንል ስለ ስፒከሩ ብቻ አይደለም። ጆሮው የደከመ አባት ጩኸት ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጦ ቃሉን ለይቶ የሚነግረው ልጅ ይፈልጋል። እግዚአብሔር አምላክ የቤታችሁን ሰላም ይጠብቅላችሁ፤ አሜን።