የእናቴን ማሳ የቸገረው መረጃ አይደለም

«የኢትዮጵያ ገበሬ ዋና ችግር የመረጃ እጥረት ነው።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ስላይድ ላይ እንዳየኋት እንጃ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጽፌያታለሁ። ዛሬ ግን ልከራከራት ነው የመጣሁት።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር ነው። ቤተሰቦቼ ደባርቅ አጠገብ ገብስ፣ ባቄላና ትንሽ ድንች ያመርታሉ። በ2014 ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ ውድድር አፕ ሠራን፤ ማሳው መቼ እንደሚታረም፣ ዩሪያ መቼ እንደሚበተን ለገበሬው የሚያስታውስ። በደንብ ተጨበጨበልን። ነሐሴ ላይ ለእናቴ ላሳያት ሄድኩ።

ስደርስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በወንፈል ሲናር ትነቅላለች፤ ዛሬ የእኛ ማሳ፣ ነገ የእነሱ። ለማያውቅ ሰው ሲናርና ገብስ ዘለላ እስኪያወጡ ድረስ አንድ ናቸው። እሷ ግን ጎንበስ እንዳለች ትለያቸዋለች፦ የገብስ ቅጠል ከሥሩ አገዳውን በሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ያቅፋል፣ ሲናር ጆሮ የለውም። እኔ ይህን ለኮምፒውተር ለማስተማር ስንት ሺህ ፎቶ እንደሚያስፈልግ እያሰብኩ ሦስት ገብስ ነቀልኩ።

«አንተ ልጅ፣ እንጀራህን እኮ ነው የምትነቅለው!» አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ወንጭፍ ይዞ ጭላዳ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ ለእኔና ለእናንተ የፕሮፋይል ፎቶ ነው። ለእሱ ግን ገብስ የሚበላ መንጋ የሚወጣበት ገደል ነው። አባቴ ደግሞ ዩሪያ ፍለጋ በማለዳ ከተማ ወጥቶ፣ «ገና አልገባም» ተብሎ፣ በዝናብ በስብሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። አፑ በዚያው ቀን ስልኬ ላይ ጮኸ፦ «ዩሪያ የሚበተንበት ጊዜ ደርሷል።» ቀኑን አልሳተም።

ማታ እሳት ዳር ለእናቴ አሳየኋት። ጨርሳ ሰማችኝና «ቀኑንማ አውቀዋለሁ፤ ያጣሁት ሰው ነው» አለች።

ያጣችው ሰው እኔ ነኝ። እኔን ለማስተማር ያ ቤት በየነሐሴው ሁለት እጅ ጎድሎበታል። በእነዚያ እጆች ምትክ ያመጣሁላት ማስታወሻ ነው።

አትሳሳቱ፣ ቴክኖሎጂ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረውን 8028 ተመልከቱ፦ ነፃ ነው፣ በድምፅ ይመልሳል፣ በተራ ሞባይል ይሠራል። ገበሬው እጅ ላይ ያለውን ስልክ አይቶ የተሠራ ነገር ነው። የእኛ አፕ ኢንተርኔት ይፈልግ ነበር። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ አፑ በዚያው ሞተ። ገብሱ ግን ታረመ።

ታዲያ «የመረጃ እጥረት» የምትለዋን ለምን ወደድናት? ተቀምጠን ልንፈታት የምንችለው ችግር እሷ ብቻ ስለሆነች ነዋ! ማዳበሪያው ለምን ዘገየ ብሎ መጠየቅ ጣጣ አለው። አረም ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ «አያውቁም» አልንና ተገላገልን። ቅጠል ዳስሳ ሲናር የምትለይን ሴት «አታውቅም» ማለት ስድብ ነው፤ በስላይድ ስለተጻፈ ጨዋነት አይሆንም።

ለገበሬ የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ የሠራችሁት ነገር ነሐሴ ላይ ከአንዲት እናት ወገብ ስንት ሰዓት ሥራ ያነሳል? ወይስ የአንድ አባትን ስንት ባዶ ምልልስ ያስቀራል? መልሱ ዜሮ ከሆነ የሠራችሁት ለዳኞቹ ነው።

እኔ ለዳኞቹ ነበር የሠራሁት። ዘንድሮ ነሐሴ ላፕቶፔን ጎንደር ትቼ ለአሥር ቀን አረም ወጣሁ። አሥር ቀን የማንንም ችግር አይፈታም፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን አሁን ገብሱን አልነቅልም።