ከመግዛታችን በፊት፦ ያ ሁሉ ዋት የት ገባ?

የዛሬው ርዕሳችን ቀላል ይመስላል፤ የወገኖቻችንን ኪስ ሲያራቁት ስላየን ግን ልናልፈው አልወደድንም።

አንድ ወዳጃችን እናቱን ከአዲስ አበባ ካስመጣ ዓመት አልፎታል። እሱ ቀን ቢሮ፣ ማታ መኪና ላይ ነው። እሳቸው አሌክሳንድሪያ ባለው አፓርታማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይውላሉ። ጆሯቸው ስለደከመ «ልጄ፣ ሰውየው ምን አለ?» ማለት ያበዛሉ። ልጅ ሆዬ ቆጥቦ፣ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል አምፕሊፋየርና አምስት ስፒከር ገዝቶ ገባ። የፋሲካ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ፤ እስክስታው ሲጦፍ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ሻከረ፣ ቀጥሎም ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ። ትዊተር የሚባሉት ትንንሾቹ ስፒከሮች ተቃጥለው ነበር። ሱቁ «ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» ብሎ መለሰው። የስንት ሌሊት ላብ!

«ስፒከሩ 150 ዋት ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ አምፕሊፋየሩ በዝቶበት ይሆን?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ አነሰው እንጂ አልበዛበትም። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ ይሻክራል፤ ለትዊተሯ ከተመደበላት በላይ ኃይል ይልክባትና ያቃጥላታል። ብዙ ስፒከር የሚሞተው አቅም ባለው አምፕሊፋየር ሳይሆን አቅም አንሶት በሚጮህ ነው።

ታዲያ 1000 ዋቱ የት ገባ? መጀመሪያ ነገር ቁጥሩ የአምስቱ ቻናል ድምር ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው አንድ ቻናል ብቻ እየሠራ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ 10 ከመቶ መዛባት ተፈቅዶለት ነው። አምስቱም አንድ ላይ ንጹሕ ድምፅ ያውጡ ቢባል የሚቀረው ጥቂት ነው። ይህን ዓይነቱን ጨዋታ ለመግታት፣ እዚሁ ዋሽንግተን ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ ያለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አምፕሊፋየር ዋት ማስታወቂያ ደንብ አወጣ። በ2024 ደግሞ አሻሽሎ የመለኪያውን ሁኔታ ወሰነ፦ በ8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ከ1 ከመቶ ባነሰ መዛባት። ስለዚህ ከካርቶኑ ትልቅ ቁጥር ይልቅ በመግለጫው ወረቀት ላይ እነዚህ ሦስት ነገሮች የተጻፉበትን መስመር ፈልጉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ አትፍሩት። የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ለዚያ ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ80 ዋት ወደ 100 ዋት ለማለፍ ገንዘብ የሚጨምር ሰው የሚያገኘው 1 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ቀጥሎ የስፒከሩን ወረቀት ተመልከቱ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይነግራችኋል። 88 ነው እንበል። ሶፋችሁ 4 ሜትር ቢርቅ 12 ዴሲቤል ይጠፋል። ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ኪሳራው ያንሳል፤ ለጥንቃቄ ግን ሙሉውን እንቁጠር። ፊልም በደህና ድምፅ ለማየት ሶፋው ላይ 75 ዴሲቤል ይበቃል። 75 እና 12 ሲደመር 87 ይሆናል፤ ለዚህ አንድ ዋት እንኳን አይሞላም! ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ በር ሲበረገድ፣ ሙዚቃው ውስጥ ከበሮ ሲመታ ድምፁ ለቅጽበት 20 ዴሲቤል ይዘላል። ያ መቶ እጥፍ ኃይል ነው፤ ወደ 80 ዋት ይጠጋል። አምፕሊፋየር የሚፈተነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ስፒከሩ 88 መሆኑ ቀርቶ 91 ቢሆን ያው ሥራ በ40 ዋት ያልቃል። 85 ቢሆን 160 ይፈልጋል። ስለዚህ ብልህ ሰው ዋት ከመቁጠሩ በፊት ስፒከሩን ያያል። የኦሙንም ነገር አትርሱ፤ ለ8 ኦም የተሠራ ሪሲቨር ላይ 4 ኦም ስፒከር ብትቀጥሉ ሊግልና ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር ካላችሁ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለሱ ስጡት፤ ሪሲቨሩ ሸክሙ ይቀልለታል።

ስለ ጎረቤትም አንድ ቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ65፣ ሌሊት ከ55 ዴሲቤል በላይ አይፈቅድም። ሌሊት የሚባለውም በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። የአፓርታማ ግድግዳ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አያቆምም። ሰብዉፈሩን ከጋራ ግድግዳ አርቁት።

ወዳጃችን በመጨረሻ ምን አደረገ? በሐቅ የተለካ የ80 ዋት ሪሲቨርና 91 ዴሲቤል የሚያወጡ ያገለገሉ ስፒከሮች ገዛ፤ ከመጀመሪያው ያነሰ ዋጋ ከፈለ። ከዚያም ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን የመካከለኛውን ስፒከር ወደ እናቱ ጆሮ አቃንቶ፣ የሱን ድምፅ ብቻ በ4 ዴሲቤል ከፍ አደረገው። በፊልም የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ነውና። እናቱ ጥቂት አዳምጠው «አሁን ሰውየው አፉን ከፈተ» አሉ።

ለካ ሲፈልጉት የነበረው ጩኸት አልነበረም፤ መስማት ነበር። እኛም ከመግዛታችን በፊት ቤታችን ውስጥ ማን ምን መስማት እንደሚፈልግ እንጠይቅ።