«መርዝ አብልተውት ነው!» ከማለታችን በፊት

ይህን የምጽፈው አንድም ለማስጠንቀቅ፣ አንድም አንድን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

ሰውየው ግቢያችንን 4 ዓመት በዘበኝነት ጠብቋል። በአንድ የፋሲካ ማግስት ጠዋት ውሻችን ጃክ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ሞቶ ተገኘ። የ7 ዓመት ጀርመን ሸፐርድ ነበር። ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ፤ ፍርዱ 10 ደቂቃ አልፈጀም። «መርዝ አብልተውት ነው!» ተባለ። ማን? በጓሮ በኩል ያለው ጎረቤት፤ ስለ ውሻው ጩኸት ሁለት ጊዜ ቅሬታ አቅርቦ ነበራ! በማን እጅ? በዘበኛው፤ ከእሱ ሌላ ማን ይጠጋዋል? ምስክር አልተሰማም፣ ሐኪም አልተጠየቀም፣ በድኑም አልተመረመረም። ዘበኛው በሳምንቱ ተሰናበተ። ከጎረቤታችን ጋር ደግሞ ለቅሶ እንኳ ሳንደራረስ ዓመታት አለፉ።

ዘበኛው ከመሄዱ በፊት ለእናቴ የነገራት ነገር ነበር። «እትዬ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሊያስመልስ ይታገል ነበር፤ ከአረፋ በቀር ምንም አይወጣውም። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል። በዓሉ አድክሟችኋል ብዬ ነው ያልቀሰቀስኳችሁ።» እኛ ይህን የጥፋተኛ ሰበብ አድርገን ወሰድነው። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቃል ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ስነግረው ግን ራሱን ነቀነቀ። «በድኑ ሳይከፈት እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም። ግን የነገርከኝ ምልክት የጨጓራ መጠምዘዝን ነው የሚመስለው» አለኝ።

«ደመ ከልብ» እንላለን፤ የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ለማለት። እኛ የውሻችንን ደም ጠይቀናል። የጠየቅነው ግን ካልተመረመረ ሬሳ ተነስተን፣ አቅም ከሌለው ሰው ላይ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ባላወጣሁት። ግን ትልልቅ ውሻ ያላቸውን ሰዎች ጠይቁ። «ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ ሞቶ አገኘነው፣ መርዘውት ነው» የሚል ታሪክ አታጡም። ጎረቤት ተጠርጥሯል፣ ሠራተኛ ተባርሯል፣ የሰፈር ልጅ ተደብድቧል። ስንቱ በእውነት መርዝ ነበር? ስንቱስ ስሙን የማናውቀው ሕመም?

ሕመሙ ምንድን ነው?

የውሻው ጨጓራ በምግብ፣ በፈሳሽና በጋዝ ይነፋል። ከዚያ ባለበት ዞሮ ይጠመዘዛል። አፉን አዙራችሁ የቋጠራችሁትን ፌስታል አስቡ። ከጉሮሮ የሚመጣውም፣ ወደ አንጀት የሚያስወጣውም በር ይዘጋል። ጋዙ በግሳትም በትውከትም መውጫ ያጣል፤ ጨጓራው መወጠሩን ይቀጥላል። የተወጠረው ጨጓራ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፤ ለልብ የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ውሻው ይዝላል። የጨጓራው ግድግዳ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል። ጣፊያም አብሮ ሊዞር ይችላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰዓታት ውስጥ ነው። ከተጠመዘዘ በኋላ ሳይታከም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በጊዜው ቀዶ ሕክምና ካገኙት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። ጃክ 8 ሰዓት ነበረው።

በይበልጥ የሚያጠቃው ደረታቸው ጥልቅና ጠበብ ያለ ትልልቅ ዝርያዎችን ነው፦ ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድ፣ ጀርመን ሸፐርድ፣ ዶበርማን፣ ቦክሰር። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,600 በላይ ትልልቅና ግዙፍ ውሾችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አደጋውን የሚያባብሱ ነገሮችን ለይተዋል፦ የዕድሜ መግፋት፣ በዚህ ሕመም የተያዘ ወላጅ ወይም ወንድም እህት መኖር፣ እየተስገበገቡ መብላት፣ ከመሬት ከፍ ካለ ሳህን መብላት። ሌሎች ጥናቶች በቀን አንዴ ብቻ፣ ብዙ መመገብን ይጨምራሉ። ግሬት ዴንን ብቻ ብንወስድ፣ በዕድሜ ዘመናቸው ይህ የሚገጥማቸው ከ3 ከ1 በላይ ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ግቢ ግቡ። ውሻው ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የቀኑ ምግብ በአንዴ ይቀርብለታል። ርቦታልና ሳያኝክ ይውጣል። ሁለት ውሾች ካሉ ተሻምተው ነው የሚበሉት። ወዲያው ሰንሰለቱ ይፈታል፤ አጥር ለአጥር እየሮጠ ይጮሃል። የሁዳዴን 55 ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበላ የከረመ ውሻ ደግሞ በፋሲካ ቀን አንጀት፣ አጥንትና ጮማ ይከመርለታል፤ ይህንንም እንደ ደግነት እንቆጥረዋለን። ለዚህ ሕመም የሚያጋልጠውን ነገር ሰብስበን የዕለት ፕሮግራም አድርገነዋል። ከዚያ ውሻው ሲሞት ጎረቤት እንከሳለን!

«መርዝ የለም ልትለን ነው?»

አይደለም። መርዝ አለ፣ ውሻ የሚመርዝ ሰውም አለ። እያልኩ ያለሁት ግን የተነፋ ሆድ ማስረጃ አይሆንም ነው። የማንኛውም እንስሳ በድን ሲያድር ይነፋል። አንዳንድ የአይጥ መርዝም ራሱ ሆድ ይነፋል። ብዙ መርዞች ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ መንፈራገጥና የሰውነት መገተር ያስከትላሉ። እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ከመሞቱ በፊት ምን እንደሆነ ያየውን ሰው ይጠይቃል፣ በድኑንም በሐኪም አስከፍቶ ያስመረምራል። የተጠመዘዘ ጨጓራ ሲከፈት በዓይን ይታያል። እኛ ሁለቱንም ትተን በቅያሜያችን ልክ ፈረድን። ያየው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ተከሳሽ አደረግነው።

ሌላው ስህተታችን ውሻን እንደ ከብት ማከም ነው። ከብት ሲነፋ ዘይት ማጠጣት በገጠር የታወቀ ነው። ውሻ ግን በሬ አይደለም። የተጠመዘዘ ጨጓራ በሩ ዝግ ስለሆነ በአፍ ያፈሰስንበት ዘይት፣ ወተት ወይም የጨው ውኃ አይገባለትም። ይልቅ ወደ ሳንባው ሄዶ ሊገድለው ይችላል። ሆዱን በመርፌ መውጋት የሐኪም ሥራ ነው፣ እቤት የሚሞከር አይደለም። «እስኪነጋ እንየው» ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ምልክቶቹን ያዙ፦

1. ሊያስመልስ ይታገላል፣ ግን ምንም አይወጣውም፤ ቢወጣ አረፋና ለሃጭ ብቻ። ዋናው ምልክት ይህ ነው።
2. መቀመጫ ያጣል፤ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ጎኑን ዞሮ ያያል፣ ያቃስታል።
3. ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ ሆዱ ይወጠራል። ደረተ ጥልቅ ውሻ ላይ ግን ውጥረቱ ከጎድን አጥንቱ ስር ተደብቆ ላይታይ ይችላል፤ «ሆዱ አልተነፋም» ብላችሁ አትዘናጉ።
4. ድዱ ይገረጣል። በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ የደም ዝውውሩ ተዳክሟል።
5. ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻ ይወድቃል።

የመጀመሪያውን ብቻ ብታዩ እንኳ ደውላችሁ ወዲያው ውሰዱት፤ ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ።

መከላከያውስ? ያንኑ ምግብ ለ2 ወይም ለ3 ጊዜ ክፈሉት። የሚስገበገብ ከሆነ በሰፊ ትሪ በትኑለት፣ ወይም ሊውጠው የማይችል ትልቅ ለስላሳ ድንጋይ ሳህኑ መሃል አስቀምጡ፤ እየዞረ ቀስ ብሎ ይበላል። ሳህኑን መሬት ላይ አድርጉት። ሁለት ውሾችን ለየብቻ አብሉ። ሐኪሞች እንደሚመክሩት ከምግብ በፊትና በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል አታስሩጡት፤ ሰንሰለቱ ምግቡን በልቶ ካረፈ በኋላ ይፈታ። በዓል ሲመጣ ትርፍራፊውን ለቀናት አከፋፍሉት። ትልቅ ዝርያ ያላችሁ ደግሞ ውሻው ሲኮላሽ ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ጨጓራውን ከሆዱ ግድግዳ ጋር መስፋት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህ ስፌት መነፋትን ባያስቀርም መጠምዘዝን በእጅጉ ይከላከላል። አንዴ ተይዞ በሕይወት የተረፈ ውሻ ካልተሰፋለት እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ከእነዚህ መካከል ገንዘብ የሚጠይቀው አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ትኩረት ብቻ ይፈልጋል።

ከኮሜንት ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ሰው ሐኪም ባጣበት አገር ስለ ውሻ ጨጓራ ታወራለህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። አንደኛ፣ ምግብን ለሁለት መክፈል ከማንም በሽተኛ አልጋ አይነጥቅም። ሁለተኛ፣ በእኛ ቤት የተጎዳው ውሻው ብቻ አልነበረም። አንድ አባወራ እንጀራውን አጥቷል፣ ስሙም ጎድፏል። ሦስተኛ፣ ውሻ ማሳደግ ግዴታ አይደለም። ቤቴን ይጠብቅልኝ ብሎ በውድ ዋጋ የገዛ ሰው፣ ቡችላውን ለጉራ ፎቶ የሚያነሳ ሰው፣ በሕይወት የማቆየት ኃላፊነትም አለበት።

ለሻጮችም አንድ ቃል። ቡችላ ስትሸጡ የአባቱን ቁመት፣ የእናቱን ዝርያ ትዘረዝራላችሁ። አባቱ ሆዱ ተነፍቶ መሞቱን ግን አትናገሩም። ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ሕመም የተያዘን ውሻ ማራባት ሕመሙን አብሮ መሸጥ ነው። ገዢውም «ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብሎ ከመጠየቅ ጋር «ወላጆቹ በምን ሞቱ?» ብሎ ይጠይቅ።

ለእንስሳት ሐኪሞችም። ቢሾፍቱና ጎንደርን በመሳሰሉ ከተሞች ባሉት ኮሌጆቻችን የእንስሳት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ይህ ሕመም ግን የሚመጣው በአብዛኛው በሌሊት፣ ክሊኒክ ሲዘጋ ነው። በየአካባቢያችሁ ተራ ገብታችሁ አንድ የሌሊት ስልክ መመደብ ይከብዳል? ባለ ውሾችም ውሻው ሳይታመም በፊት ጠይቁ፦ በሌሊት ስልክ የሚያነሳ ማነው? ቀዶ ሕክምና የሚሠራው የት ነው? መኪና ከማን ይገኛል? መልሱን ጽፋችሁ ዘበኛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። ከጎረቤታችን ጋር ታርቀናል። ቤቱ ድረስ ሄጄ የሆነውን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እኔ እኮ ውሻችሁ ሲሞት አዝኜ ነበር» አለኝ። ዘበኛችንን ግን አላገኘሁትም። የነበረን ስልክ አይሠራም፤ አገሩ ገባ የሚሉም አሉ፣ ሌላ ሰፈር ተቀጥሯል የሚሉም አሉ። ይህ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ቢደርሰው ይህን ይወቅልኝ፦ ያየኸውን በትክክል ነግረኸን ነበር። ያልሰማነው እኛ ነን። ይቅር በለን።

ስህተቱ ከዚያ ሌሊት በፊት የተሠራ ነው። ያ ሰው 8 ሰዓት ሙሉ ከሚሞት ውሻ ጋር ብቻውን ያደረው እኛን መቀስቀስ ስለፈራ ነው። እንዲፈራ ያደረግነው እኛው ነን።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለውሻችሁ ግማሹን ምግብ ብቻ ስጡት፣ ግማሹን ለጠዋት አቆዩለት። ከዚያ ወደ በሩ ሂዱና ለዘበኛችሁ እንዲህ በሉት፦ «በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ቀስቅሰን።»